«ተው» ከማለት በፊት፦ በሱስ የተያዘን ወጣት ለመርዳት ደረጃ በደረጃ

ልጅ ሱስ ውስጥ መግባቱ የታወቀ ቀን በብዙ ቤት የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ይቆጣል፣ ታላቅ ወንድም ኪስ ይፈትሻል፣ በማግስቱ ሽማግሌ ይጠራል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ይጀምራል፤ ቤተሰቡም «ውሸታም ነው» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ ሲምል ከልቡ ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሚወስድ፣ ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ እና ለምን የሚለውን ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቀውም።

የመልሱ ልዩነት ትልቅ ነው። ለዓመታት ጫት የቃመ ልጅ ዛሬ ቢያቆም ይደብረዋል፣ ይነጫነጫል፣ ቀን ሙሉ ይተኛል፤ ማቆሙ በራሱ ግን ሰውነቱን አይጥልም። ለወራት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ወይም ዳያዜፓም የሚባለውን የማረጋጊያ ክኒን የዋጠ ልጅ በድንገት ቢያቆም ግን የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊይዘውና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አንዱን «ዛሬውኑ አቁም» ማለት ይቻላል፤ ለሌላው ያው ቃል አደጋ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለወላጆች፣ ለታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ ለመምህራንም ጭምር ነው። ጫት ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን፤ በአገራችን ወጣት ዘንድ ብዙውን ጊዜ ሌላው ሁሉ የሚሰካካው በእሱ ዙሪያ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚወስድ ለዩ

ጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ በአብዛኛው ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ ውኃ የሚያርከፈክፍበት፣ የጫት መኪናም ያለ ልክ የሚበርበት ምክንያት ይኸው ነው። በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ በአማካይ ወደ 36 ሚሊግራም ካቲኖን ይገኛል ተብሎ ይገመታል፤ እንደ ጫቱ ዓይነትና ትኩስነት ግን ከዚህ በጣም ሊበልጥ ይችላል። በአንድ በርጫ፣ ማለትም በአንድ የመቃሚያ ቁጭታ፣ የሚቃመው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ግራም ነው።

ካቲኖን በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ስሌት ከቀኑ 8 ሰዓት የጀመረ ልጅ ከ9፡30 እስከ 11፡30 ምርቃናው ላይ ነው፤ ያወራል፣ ያቅዳል፣ የማይሆነው ነገር የለም። ምሽት ላይ ዝም ይላል፣ ያንጎራጉራል፣ ራት ሲቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ጨብሲ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ምርቃናውን ሰብሮ ለመተኛት ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል። ብዙ ወላጅ «ልጄ መጠጥ ጀመረ» ብሎ ከመጠጡ ጋር ብቻ ይታገላል። መጠጡን ጎትቶ ያመጣው ጫቱ ከሆነ ግን ጫቱ ሳይነካ መጠጡን ማስቆም በጣም ከባድ ነው።

የምታዩዋቸው ምልክቶች፦ የዓይን ብሌን መስፋት፣ የአፍ መድረቅ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጨጓራ ሕመም፣ ሌሊት ነቅቶ ቀን መተኛት። ክፍሉም ይናገራል። መጋረጃ ከቀትር ጀምሮ ተዘግቷል፣ የለውዝ ልጣጭና የለስላሳ ጠርሙስ ጥግ ላይ ተከምሯል፣ ገራባው (የተቃመ ጫት ትርፍራፊ) በጥቁር ፌስታል ታስሮ አልጋ ሥር ገብቷል። ሳይቅም በሚውልበት ቀን የለመደው ሰዓት ሲደርስ ሐራራው ይነሳል፤ ያዛጋል፣ ይደክመዋል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ጫት ሲያቋርጥ አንዳንዱን ዱካክ ይይዘዋል፤ ሊተኛ ሲል ወይም እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር የሚጫነው፣ የሚያሳድደው ይመስለዋል፣ ጮኾ ይነቃል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ መንፈስ ነው ብሎ ይደነግጣል። ከጫት መቋረጥ ጋር የሚመጣ የታወቀ ነገር መሆኑን ለልጁ አስቀድሞ መንገር ራሱ ፍርሃቱን ይቀንስለታል።

አረቄና ቢራን ስትመዝኑ በጠርሙስ ብዛት አትታለሉ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 45 በመቶ የሚደርስ አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 14 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ «ሦስት መለኪያ ብቻ» ማለት ሦስት ቢራ ማለት ነው፤ በቤት የወጣ አረቄ ደግሞ ጥንካሬው በማንም አይለካም። ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል? ሲቀምስስ ይረጋለታል? መልሱ አዎ ከሆነ ሰውነቱ ጥገኛ ሆኗል፤ ቤት ውስጥ አታስቁሙት።

ክኒን የሚወስደውን ልጅ ማወቅ ይከብዳል፤ ሽታ የለውም። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ሲሆን እንክብሉ በብዛት 50 ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን 400 ሚሊግራም፣ ማለትም 8 እንክብል ነው። ሱሰኛ ይህን ያልፋል። ያን ጊዜ መተንፈስን ከማዳከሙ በላይ የሚጥል መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የባሰ ነው። የጠበበ የዓይን ብሌን፣ ማሳከክ፣ በንግግር መሐል ማንቀላፋት፣ ኪስ ውስጥ የተገኘ ባዶ የእንክብል ማሸጊያ ጠቋሚዎች ናቸው። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ንግግርን ያኮላትፋሉ፣ አረማመድን ያንገዳግዳሉ፣ የትናንቱን ያስረሳሉ። ማሸጊያውን አትጣሉት፤ ሐኪሙ ስሙንና መጠኑን ማየት አለበት።

ጋንጃ ዓይንን ያቀላል፣ ያስርባል፣ ያዘገያል። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው ልጅ ላይ ግን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል በቀላሉ አትዩት። ሺሻ «ጭሱ በውኃ ታጥቧል» ይባላል፤ አይታጠብም። በአንድ ሰዓት የሚሳበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የሚያሸቱ ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ሁሉም ሰው ቢያውቅ ደስ ይለናል። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉይን ልብን በጣም ስሱ ያደርገዋል። ልጁ እያሸተተ ሳለ ከተሯሯጠ ወይም ክፉኛ ከደነገጠ ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል፤ የመጀመሪያ ጊዜው ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ አታባርሩት፣ አትጩኹበት፣ ለመቀማት አትታገሉት። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት አስቀምጡት፣ እስኪረጋ አብራችሁት ቆዩ።

ስለ ሽንት ምርመራ ጥቂት እንበል። ከፋርማሲ የሚገዛው መመርመሪያ ወላጅን ብዙ ጊዜ ያሳስተዋል። ጋንጃ አልፎ አልፎ በሚያጨስ ሰው ሽንት ውስጥ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ በሚያጨስ ሰው ውስጥ እስከ አንድ ወር ሊታይ ይችላል። ጫት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይወጣል፤ የተለመዱት መመርመሪያዎችም ካቲኖንን ለይተው ለማሳየት አልተሠሩም። ትራማዶልም በተለመደው የሞርፊን መመርመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። «ምንም አልተገኘበትም» የሚል ውጤት ምንም አይወስድም ማለት አይደለም። ልጁን በግድ ማሸናት ደግሞ ያቺኑ የቀረች መተማመን ይበጥሳታል።

ደረጃ 2፦ ልማድ ነው ወይስ ሱስ? ለኩት

የአእምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ 11 ምልክቶች አሉት፤ ያለፉት 12 ወራት ናቸው የሚታዩት። ካሰበው በላይ ወይም ካሰበው ጊዜ በላይ መውሰድ፤ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፤ ፍለጋውና ማገገሙ ቀኑን መብላት፤ አምሮት፤ ትምህርት፣ ሥራ ወይም የቤት ኃላፊነት መበላሸት፤ ከሰው እየተጣሉም መቀጠል፤ ይወደው የነበረውን ነገር መተው፤ አደገኛ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ መኪና እየነዱ መውሰድ፤ እየጎዳው መሆኑን እያወቀ መቀጠል፤ የድሮው መጠን አልበቃ ማለት፤ ሲያቆም መታመም። ሁለት ወይም ሦስቱ ካሉበት ቀላል፣ አራት ወይም አምስት ከሆኑ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ይባላል። ይህን እናንተ ቆጥራችሁ ልጁን አትፈርጁበት፤ ወደ ሐኪም በየትኛው ፍጥነት መሄድ እንዳለባችሁ ለማወቅ ተጠቀሙበት።

ከዚህ ይልቅ ቤት ውስጥ የሚሠራው ነገር ደብተር ነው። የሚቻል ከሆነ ልጁ ራሱ ለ7 ቀን ይጻፍ፤ በዚህ ሳምንት ቀንስ አትበሉት፣ የሚጻፈው እውነቱ ነው። አንድ ገጽ እንዲህ ይመስላል፦

«ማክሰኞ። ከ8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1። አንድ እስር። 6 ሲጋራ። ማታ 2 ቢራ። የተኛሁት ሌሊት 9 ሰዓት። ያወጣሁት፦ ... ብር። ከመጀመሬ በፊት፦ ቤት ብቻዬን፣ ሥራ የለም፣ ደብሮኝ ነበር።»

የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም ትበልጣለች። በሰባቱም ገጽ ላይ «ብቻዬን፣ ሥራ የለም» ካለ፣ የምትታገሉት ከጫቱ እኩል ከባዶው ከሰዓት በኋላ ጋር ነው። «ለፈተና ላጠና» ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ጫት ሌሊቱን ያስነቃል፤ የተነበበው አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው ግን በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ ተማሪው ብዙ አንብቦ ጥቂት ይዞ ይገባል። የሌሊት ሹፌር ከሆነ የሥራ ሰዓቱ ራሱ መነካት አለበት። «ሳልቅም መኖር አያምረኝም» የሚል ከተጻፈ ደግሞ ድብርቱ ከጫቱ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላልና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ቶሎ ይየው።

ደረጃ 3፦ የምታናግሩበትን ሰዓት ምረጡ

በምርቃና ላይ ያለ ልጅ ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላል፤ ያ እሺታ ማታውን አያልፍም። በሐራራ ላይ ያለው ደግሞ በር ደብድቦ ይወጣል። ለቃሚ የሚሻለው ሰዓት ተኝቶ ከተነሳ፣ ቁርስ ከበላ በኋላ፣ ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለጠጪ ስካሩ የበረደበት ሰዓት ነው። የሚያናግረው አንድ ሰው ይሁን፤ ልጁ የሚቀርበው ሰው። የሽማግሌ ጉባኤ ልጁን ያሳፍረዋል፣ ያስምለዋል፤ የማሐላውን ዕድሜ አይተናል።

ባያችሁት ነገር ጀምሩ። እናት እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «ልጄ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራትህ በርቶ አየሁ። ዛሬ ሦስተኛ ሌሊትህ ነው። ጨንቆኛል። እስኪ እንዴት እንደጀመርክ ንገረኝ፤ አልቆጣህም።» ከዚያ ዝም ትበል። ዝምታው ከባድ ነው፣ ግን ልጁ የሚናገረው በዚያ ውስጥ ነው። «እማ፣ አንቺ አይገባሽም» ቢልም «እንዲገባኝ ንገረኝ» ማለት ይበቃል። «የጎረቤትን ልጅ አታይም?»፣ «አዋረድከን»፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» የሚሉት በሩን ይዘጉታል።

መጀመሪያ ምን እንደሚወድለት ጠይቁት። ያስገርመዋል፣ ስለዚህም እውነቱን ይናገራል። ቀጥላችሁ ምን እንዳሳጣው ጠይቁት። ከዚያ «ከ0 እስከ 10 ብትል ለማቆም ምን ያህል ተዘጋጅተሃል?» በሉት። 4 ካለ «ለምን 10 አልሆነም?» አትበሉ፤ «ለምን 2 አላልክም?» በሉት። ይህን ሲመልስ የሚያቆምበትን ምክንያት ከራሱ አፍ ይሰማል፤ ከእናንተ አፍ ከሚሰማው መቶ ምክንያት ይበልጣል። ንግግሩ በአንድ ትንሽ ስምምነት ይለቅ፤ ደብተሩን መጀመር ወይም ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድ።

ሴት ልጅ ከሆነች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እፍረቱ እጥፍ ስለሆነ ትደብቃለች፣ ብዙ ጊዜም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። አክስት ወይም ታላቅ እህት ታናግራት። እርጉዝ ከሆነች ቀን ሳይታለፍ ለሐኪም ይነገር፤ ጫትም መጠጥም ፅንሱን ይጎዳሉ፣ አንዳንዱን መድኃኒት በድንገት ማቋረጡም እንዲሁ።

ደረጃ 4፦ የት እንደሚያቆም ወስኑ

ጫት፣ ጋንጃና ሲጋራ ቤት ሆኖ ማቆም ይቻላል፤ ልጁ ድምፅ የማይሰማ፣ «ይከታተሉኛል» የማይል፣ ራሱን ስለማጥፋት የማያስብ ከሆነ። በየቀኑ የሚጠጣ፣ ትራማዶል ወይም ዳያዜፓም የለመደ፣ ከዚህ በፊት የሚጥል መንቀጥቀጥ ይዞት የሚያውቅ፣ ሁለት ሦስቱን የሚያቀላቅል ግን በሐኪም እጅ ያቁም።

ምክንያቱን በመጠጥ እዩት። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምራል። የሚጥል መንቀጥቀጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቦታና ሰው መሳት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም የሚያደርገው ዳያዜፓም ወይም መሰሉን በመጠን ሰጥቶ በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ማውጣት ነው። ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ከግሉኮስ በፊት መሰጠት አለበት። ብዙ ቤተሰብ የደከመውን ጠጪ ክሊኒክ ወስዶ «ግሉኮስ ትከሉለት» ይላል። ቢ1 ያለቀበት ሰው ግሉኮስ ብቻ ቢሰጠው አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። «በየቀኑ ይጠጣል» ብላችሁ ለነርሷ መናገራችሁ ነው ልጁን የሚያድነው፤ እፍረቱን ለዚያች ደቂቃ ተዉት።

ጸበልም እዚህ ላይ ይነሳል። ጸበል መውሰድን የሚከለክል የለም፤ ብዙ ወጣት ከጓደኞቹ ርቆ፣ ጸሎትና ሥርዓት ባለበት ቦታ ቆይቶ ተሽሎት ወጥቷል። አደጋው የሚመጣው በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ልጅ ሳይታከም ሄዶ፣ በጾም ላይ ሆኖ፣ በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲቃዥ «መንፈሱ ለፈለፈ» ተብሎ ሲታሰር ነው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሐኪም ዘንድ መጠጡ ከሰውነቱ ይውጣ፣ ከዚያ ይሂድ። የታዘዘ መድኃኒት ካለው ይዞ ይሂድ፣ አያቋርጥ። ማሰርና በሰንሰለት ማቆየት ግን ማንንም አላዳነም።

ትራማዶል ሲቋረጥ ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ የቁርጥማት፣ የተቅማጥ፣ የላብና የእንቅልፍ ማጣት ሦስት ክፉ ቀናት አሉት፣ በሳምንት ገደማ ይቀልላል። ዳያዜፓም ግን በሳምንታት አንዳንዴም በወራት እየተቀነሰ ነው የሚወጣው።

የት ትሄዳላችሁ? ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ በብዙዎቹ የአእምሮ ጤና መሠረታዊ ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ። ከዚያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል ይጻፍላችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ደብተሩን፣ የክኒን ማሸጊያዎቹን፣ የመጨረሻ የወሰደበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ በሁለት ደቂቃ የሚያገኘውን መረጃ ያለዚያ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ጫትን ቤት ውስጥ ማቆም

በአንድ ጊዜ ማቆም ሰውነትን ለከባድ አደጋ አያጋልጥም፤ ለሚፈራው ልጅ ግን በሦስት ሳምንት ማውጣትም ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ያለ ጫት ይዋል፣ በቀሩት ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ አፉ ጫት አይያዝ፤ ጨብሲም ይቅር። በሁለተኛው ሳምንት በሁለት ቀን አንዴ፣ ከለመደው ግማሹን። በሦስተኛው ዜሮ። መጠኑን ብቻ ቀንሶ ሰዓቱን ያልነካ ሰው ብዙ ጊዜ ይከሽፍበታል፤ ቁጭታው ካለ እጅ ወደ ጓደኛ ጫት ይዘረጋልና።

ከዜሮው ቀን በፊት በነበረው ማታ ክፍሉ ይጽዳ። ገራባ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ ለበርጫ ብቻ የሚውለው ፍራሽና ትራስ ሳይቀር ይነሳ፤ ዓይን ያየውን አምሮት ያስታውሳል። የሚቅምበት ክፍል ከቻላችሁ ይቀየር።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን ይተኛል፣ ይበላል፣ አይነጋገርም። ተዉት ይተኛ፤ «ቆመ ስንል ሰነፈ» አትበሉት። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ስሜቱ ይወርዳል፣ ዱካኩም ሊመጣ ይችላል። በዚህ ሳምንት በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን መጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ካለው እንዲናገር ያደርገዋል። አዎ ካለ ብቻውን አይደር፣ በማግስቱ ሐኪም ያየው። በ2ኛው ሳምንት ሰውነቱ ይቀልላል፤ አምሮቱ ግን ለወራት የለመደው ሰዓት ሲደርስና የጫት ሽታ ሲሸተው ይመጣል።

ዋናው ሥራ ያለው ከ7፡30 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ብቻውን ከተቀመጠ ይሸነፋል። ሥራ፣ ኮርስ፣ ኳስ፣ ጂም፣ የአጎት ሱቅ ማገዝ፤ ምንም ይሁን ከቤት ያስወጣው፣ የጫት ቤቱን መንገድ ግን አያስረግጠው። አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ፈጥኖ ይራመድ፣ ሰው ይደውልለት። አፉ ሥራ መፍታቱ ያስቸግረዋልና ቆሎ ወይም ማስቲካ ኪሱ ይኑር። ቡና ከ8 ሰዓት በኋላ ይቅር። የሆድ ድርቀቱ በውኃና በአትክልት ይስተካከላል። ለእንቅልፍ ብሎ ክኒን ወይም ቢራ መጀመር ግን ከአንዱ ሱስ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብ ላይ ግልጽ ሁኑ። የትራንስፖርትና የትምህርት ክፍያ በቀጥታ ለሚከፈልበት ክፈሉ፣ ጥሬ ብር በእጁ አታብዙ። የዱቤ ዕዳ ካለበት ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ይንገራችሁ፤ በስምምነት አንድ ጊዜ ይከፈልና ባለሱቁ ዳግም ዱቤ እንዳይሰጠው ራሱ ልጁ ይንገረው። ዕዳውን በየወሩ በዝምታ መክፈል ጫቱን መግዛት ነው። ምግብና አልጋ ግን የቅጣት መሣሪያ አይሁኑ፤ የተባረረ ልጅ የሚያድረው ጫት ቤት ነው።

ከአገር ማስወጣትንም እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት። ሱሱ አብሮት ይሄዳል፣ ሕጉ ግን ይለወጣል። በእንግሊዝ ጫት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ በአሜሪካ ካቲኖን ከከባድ የተከለከሉ ዕፆች ይመደባል፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ያስቀጣል። ሻንጣ ውስጥ «ለዘመድ» ተብሎ የገባ ደረቅ ጫት ሰው አሳስሯል። በአገር ውስጥ በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው፤ ለልጃችሁ የሚሸጥለትን ባለሱቅ ይህን አስታውሱት።

በድንገት ሲብስ

የሚጥል መንቀጥቀጥ ከያዘው፦ በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱት፤ ክብሪቱ ያቃጥለው እንደሆነ እንጂ አያቆመውም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ ወዲያው ሆስፒታል።

ትራማዶል ወይም መሰሉን ወስዶ ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ በጣም ከራቀ፦ ስሙን ጠርታችሁ ትከሻውን ነቅንቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ፣ ካልመጣ በታክሲ ውሰዱ። ትንፋሹ ከቆመ በየ5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ በአፉ ተንፍሱለት። ወተት አታጠጡ፣ አታስመልሱ፤ ራሱን የሳተ ሰው ወደ ሳንባው ይገባበታል። ሐኪም ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ነቅቶ ቢነሳም ክትትል ያስፈልገዋልና ቶሎ ይዛችሁት አትውጡ።

ድምፅ የሚሰማ፣ ጎረቤት ሊገድለኝ ነው የሚል ከሆነ አትከራከሩት፣ «እብደት ነው» አትበሉት። ስለቱን ከአካባቢው አርቁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሆስፒታል ውሰዱት። ጫት ያመጣው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሲቆም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ካልጠፋ የተለየ ሕመም ነውና ሕክምናው ይቀጥላል።

ተመልሶ ሲጀምር

ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በሆነ ጊዜ ተመልሰው ይወስዳሉ፤ ይህ ከደም ግፊትና ከአስም ሕመም ማገርሸት ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተዘጋጁበት። አንድ አደጋ ግን በዚህ ጊዜ ይበልጣል፤ ትራማዶል አቁሞ የቆየ ልጅ የድሮውን መጠን ቢወስድ ሰውነቱ ስለረሳው ሊሞትበት ይችላል። ይህን ሳይጀምር በፊት፣ ደህና በሆነበት ቀን ንገሩት።

ከወደቀ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ስብሰባ አይጠራ። ይተኛ፣ ይብላ፣ በማግስቱ ረፋድ ደብተሩን አምጡ። ከመውደቁ በፊት የነበሩትን ሦስት ቀናት አብራችሁ ጻፉ፦ ማን ደወለለት? የት ነበር? ብር ከየት አገኘ? ምን አናደደው? ብዙ ጊዜ ነገሩ የጀመረው ጫቱን ከመያዙ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ ኮርሱን ቀርቷል፣ የድሮ ጓደኛ ቁጥር መልሶ መዝግቧል፣ ሌሊት አልተኛም። ከዚያ ቀኖቹን ቁጠሩ። ባለፈው 9 ቀን ቆይቶ ነበር የወደቀው፣ አሁን 23 ከሆነ ቁጥሩን ገጹ ላይ ጽፋችሁ አሳዩት፤ ከሥሩ ደግሞ አዲሱን ቀንና የሚቀጥለውን የሐኪም ቀጠሮ ሰዓት በራሱ እጅ ይጻፍ።